የኋልዮሹን ሰውዬ ፍለጋ

ፀሐይቱ አርባ ስምንት ዓመት በሞላት በሳምንቱ ደሟ ውስጥ ስኳር ተገኘ። ሽበታሙ ሐኪም የላቦራቶሪውን ወረቀት አገላብጦ አየና መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ።

«ኪኒኑን እጽፍልሻለሁ፤ ዋናው መድኃኒት ግን እግርሽ ነው» አላት። «በየቀኑ አርባ አምስት ደቂቃ ትሄጃለሽ። ገበያ መዞር አይቆጠርም። ታክሲ ሰልፍ ላይ መቆምም አይቆጠርም።»

«ደረጃስ?» አለች። የምትኖረው ገላን ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው።

«ደረጃው ምርቃት ነው።»

ፀሐይቱ ሳሪስ ሄዳ ነጭ ስኒከር ገዛች። ሻጩ «ለልጅሽ ነው?» ብሎ ስለጠየቃት በንዴት እዚያው አጥልቃው ወጣች። በማግስቱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ጉዞ ጀመረች። መንገዱ ከኮንዶሚኒየሙ በር ተነስቶ ኮብልስቶኑን ይወርዳል፤ ባጃጅ ተራው ጋ ይታጠፍና የአስፋልቱን ዳር ይዞ እስከ አሮጌው የባቡር ሐዲድ ይዘልቃል። ደርሶ መልስ አርባ አምስት ደቂቃ፤ ውሻ ካባረራት ሠላሳ ስምንት።

ቀን ቀን የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው የምትሠራው። ጊዜው ሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነበር፤ መሥሪያ ቤቱ በአምስት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሕንፃ ቀይሯል። ከፋይሎቹ ከፊሎቹ በመደርደሪያ፣ ከፊሎቹ በማዳበሪያ ከረጢት ናቸው፤ የቀሩት የት እንዳሉ እግዚአብሔር ብቻ ያውቃል። ግድግዳው ላይ ግን «ማንኛውም ፋይል በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ይወጣል» የሚል ትልቅ የዜጎች ቻርተር ተለጥፏል። ፀሐይቱ ክፉ ሴት አይደለችም። በዚያች ጠባብ መስኮት በኩል ቀኑን ሙሉ ፊት ስታይ ስለምትውል ፊት ሰልችቷት ነው። ለመጣው ሁሉ «ነገ ይምጡ» ትላለች። አንዱ ይረግማታል፣ አንዷ ታለቅሳለች፣ አንዱ ጠይም ሰውዬ ደግሞ የቤቱን ፋይል ፍለጋ ሰባት ወር ሙሉ ተመላልሶ፣ መስኮቱ ላይ አገጩን አስደግፎ ቻርተሩን ጮክ ብሎ ያነብላታል። እሱ ሲመጣ ከሩቅ ካየችው ሻይ ትወጣለች።

ጠዋት ጠዋት ግን ሌላ ሰው ነች።

መንገዱ ላይ የመጀመሪያውን ሳምንት ሁሉም እንዳልተያየ ሆኖ ነበር የሚያልፈው። በሁለተኛው ሳምንት አገጭ መነቅነቅ ተጀመረ። በሦስተኛው እጅ ተነሳ። ከዚያ ወዲያ ፀሐይቱ አንዳቸውን ያላየች ቀን ቁርሷ አይጣፍጣትም።

ከሁሉ ቀድማ የተላመደችው ሽማግሌውን ነው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ በቱታ ሱሪ ላይ ኮትና ከረባት የሚያደርጉ ሰው ናቸው። ስማቸውን ስለማታውቅ በልቧ «ቆጣሪው» ትላቸዋለች፤ ከአቃቂ ሐዲድ ተነስተው ወደ ገላን ሲወጡ እርምጃቸውን ጮክ ብለው ይቆጥራሉና። ልታናግራቸው በደፈረችበት በመጀመሪያው ቀን የዋህነት ይዟት «እንደምን አደሩ አባቴ?» አለቻቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንዴት አደርሽ ልጄ» አሉና ድንገት ቆሙ። ፊታቸው ጠቆረ። «ስንት ነበርኩ?»

«እኔ እንጃ።»

ሽማግሌው ዞሩና ከአንድ ለመጀመር ወደ ሐዲዱ ተመለሱ። ፀሐይቱም የምትሄደው ወደዚያው ስለነበር ጎን ለጎን፣ ሳይነጋገሩ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ሄዱ። እንደዚያ ያለ ረጅም መንገድ በሕይወቷ ሄዳ አታውቅም።

ከዚያ በኋላ ዘዴ አበጁ። ሊገናኙ ሲሉ ሽማግሌው «ሁለት ሺህ መቶ ስድስት!» ብለው ይጣራሉ። ፀሐይቱ «ሁለት ሺህ መቶ ስድስት፣ ይዣለሁ!» ትላለች። እሳቸው ይቆማሉ፣ ባርኔጣቸውን አንስተው ጎንበስ ይላሉ፣ ስለ ጤናዋ፣ ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ውሃና መብራት ይጠይቃሉ። ሲጨርሱ «አደራዬን» ይላሉ፤ እሷ «ሁለት ሺህ መቶ ስድስት» ብላ ታስረክባለች፤ እሳቸው «ሁለት ሺህ መቶ ሰባት» ብለው ይቀጥላሉ።

ሁለተኛዋ ባለጠርሙሷ ናት። ሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ አሸዋ ሞልታ፣ ግራና ቀኝ እያወዛወዘች፣ ረጅም ቀሚሷን እያዘናፈለች እንደ አውቶቡስ የምትበር ሴት። ስትሄድ አትቆምም። ስትመለስ በውስጥ መንገድ ነው። ስለዚህ ከፀሐይቱ ጋር የሚገናኙት በቀን አንዴ፣ ለሦስት ሴኮንድ ነው፤ ወሬያቸውም በቀን አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ሰኞ ባለጠርሙሷ «ልጄ ሊያገባ ነው!» ብላ አለፈች። ማክሰኞ ፀሐይቱ «እንኳን ደስ አለሽ! ልጅቷ የማን ናት?» አለች። ረቡዕ «የጎረቤት! እናቷን አልወዳትም!» የሚል መልስ መጣ። ሐሙስ ፀሐይቱ «ለምን?» ብላ ጮኸች። ዓርብ ባለጠርሙሷ አሸዋዋን እያወዛወዘች «ወላሂ ረጅም ነው፣ ሰኞ እነግርሻለሁ!» ብላ ተሰወረች። ፀሐይቱ ቅዳሜና እሑድን እንዴት እንዳሳለፈቻቸው እሷ ነች የምታውቀው።

ሦስተኛው የኋልዮሹ ነው።

አንድ ጠዋት ባጃጅ ተራውን አልፋ ስትሄድ አንድ ጀርባ ወደ እሷ ሲመጣ አየች። ፊቱ ወደ አቃቂ፣ ተረከዙ ወደ ገላን ነበር። ሰውዬው ወደኋላ እየተራመደ ነው የሚመጣው። አስፋልቱ ዳር ደግሞ አንዱ መሥሪያ ቤት ቆፍሮት የሄደ፣ ሌላው ይደፍነዋል ተብሎ የሚጠበቅ ጉድጓድ አለ። ሰውዬው ሊገባበት ሁለት እርምጃ ሲቀረው ፀሐይቱ «ግራ!» ብላ ጮኸች። ሰውዬው ወደ ግራ አለ። ጉድጓዱን አልፎ አንድ እጁን ወደ ላይ አነሳና «እግዜር ይስጥልኝ» አለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ፀሐይቱ የኋላ መስተዋቱ ሆነች። ሁለቱም የሚያዩት ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሆነ የሱ ግራ የሷም ግራ ነው፤ ይህ ሥራውን አቅልሎላታል። «ትንሽ ቀኝ! ድንጋይ አለ፣ ከፍ ያድርጉ! ፍየል ተኝታለች! አሁን ቀጥ ይበሉ!» ትላለች፤ እሱ እጁን ያነሳል፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል፣ ይተላለፋሉ። እሱ ብርድ ስለሚፈራ ፊቱን እስከ ዓይኑ በፎጣ ይጠቀልላል። እሷም ዘወር ብሎ ወንድ ማየት ነውር ስለሚመስላት ቀጥ ብላ ትሄዳለች። በአራት ወር ውስጥ ፊቱን አንድም ቀን አላየችውም። ኋላውን ግን ከዘመዶቿ ኋላ ይልቅ ታውቀዋለች፤ አናቱ ላይ ሳንቲም የምታክል መላጣ አለች፣ ግራ ጆሮው ወጣ ያለ ነው፣ ማጅራቱ ላይ ደግሞ ምስር የምታክል ማርያም የሳመችው ምልክት አለ።

አንድ ረቡዕ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኮንዶሚኒየሙ በጩኸት ተናወጠ። «ውሃ መጣ!» ይላል ሁሉም። ውሃ ከመጣ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል። ፀሐይቱ በርሜሉን፣ ባልዲውን፣ ጀሪካኑን፣ ድስቱን፣ በመጨረሻም የአበባ ማስቀመጫውን ስትሞላ ነጋ። በዚያ ቀን አልሄደችም።

ሐሙስ ስትወጣ የኋልዮሹ የለም። ዓርብም የለም። ጉድጓዱ ውስጥ ዐይኗን ስትጥል አንድ የቀኝ እግር ጫማ ጭቃው ውስጥ ተቀምጧል።

ፀሐይቱ ቆመች። ከሰላምታ በቀር በዚያ መንገድ ላይ ቆማ አታውቅም። ሽማግሌው ከወዲያ «ሁለት ሺህ ሁለት መቶ አሥራ ስድስት!» እያሉ ደረሱ፤ «ይዣለሁ» የሚላቸው ሲያጡ እሳቸውም ቆሙ። ባለጠርሙሷም ደረሰች፤ መቆም ስለማታውቅ እዚያው ባለችበት እግሯን እያነሳች እየጣለች፣ «ምን ሆናችሁ?» አለች።

«የኋልዮሹ ሰውዬ ጠፋ» አለች ፀሐይቱ። «ይሄ ጫማ የሱ ሳይሆን አይቀርም።»

ባለጠርሙሷ ጎንበስ ብላ አየች። «የሱ ነው ወላሂ! በአንዱ እግሩ አረንጓዴ ክር፣ በአንዱ ነጭ ነው የሚያስረው።»

«ታዲያ መልኩን ታውቂዋለሽ? አንቺ እኮ ከአቃቂ በኩል ተከትለሽው ነው የምትመጪው፤ ፊት ለፊት ነው የምታገኚው።»

«ችግሩ እሱ አይደል!» አለች ባለጠርሙሷ። «በየቀኑ ፊት ለፊት እየተያየን ግማሽ ኪሎ ሜትር! ባል ያለኝ ሴት ነኝ፣ ምን ልሁን? እስካልፈው ድረስ ጫማ ጫማውን ነው የማየው።»

ሁለቱም ወደ ሽማግሌው ዞሩ።

«እኔ የማውቀው እርምጃውን ነው» አሉ ሽማግሌው። «ስልሳ ሴንቲ ሜትር። ሲደክመው ሃምሳ አምስት።»

እንግዲህ ተጠቃለለ፤ አንዷ ማጅራቱን፣ አንዷ ጫማውን፣ አንዱ እርምጃውን ያውቃሉ። ስሙን የሚያውቅ የለም። ያን ጊዜ ነው የራሳቸውንም ስም እንደማይተዋወቁ ያስተዋሉት። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አነሱ። «ገብረጻድቅ እባላለሁ። ምድር ባቡር ትኬት ቆራጭ ነበርኩ።» ባለጠርሙሷ «ሐጀራ። አቃቂ የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ አለኝ» አለች፣ አሁንም እየረገጠች። ፀሐይቱም ስሟን ተናገረች።

«ሦስት ሰው ብንጨምር የቀበሌው አንድ ለአምስት እንሆን ነበር» አለች ሐጀራ።

«አንቺ ልጅ፣ እዚህ መሐል መንገድ እንዲህ ያለ ነገር አታውሪ» አሉ አቶ ገብረጻድቅ ግራና ቀኝ እያዩ።

ባጃጅ ተራው ጋ ሄደው ተራ አስከባሪውን ጠየቁት። ተራ አስከባሪው ጥርሱን በመፋቂያ እየፋቀ ሰማቸው።

«ወደኋላ የሚሄደውን ሰውዬ? ረቡዕ ጠዋት ጉድጓድ ገባ። እኛ ነን ያወጣነው። እግሩን ተሰብሮ ሆስፒታል ወሰዱት።» መፋቂያውን አውጥቶ ተፋ። «ሁልጊዜ እኮ አንዲት ሴትዮ እየጮኸች ታሳልፈው ነበር። ያን ቀን የት እንደገባች እንጃ!»

ፀሐይቱ እዚያው እንባዋ መጣ። ሐጀራ አንዱን ጠርሙስ ብብቷ ውስጥ ወትፋ በነጻው እጇ ትከሻዋን ደባበሰቻት። «ውሃ መጥቶ ነው እኮ» አለቻት ምክንያቱን ስትሰማ። «ዘጠኝ ቀን የጠፋ ውሃ! ማንም ቢሆን ይቀራል።»

በአንድ ባጃጅ ተጠጋግተው ወደ ሆስፒታሉ ሄዱ። መንገድ ላይ ሐጀራ ሙዝና ብርቱካን ገዛች። አቶ ገብረጻድቅ በባጃጅ የተሄደ እርምጃ ይቆጠር አይቆጠር እያሉ ለራሳቸው ሲከራከሩ ደረሱ።

የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ እስክሪብቶዋን አዘጋጀች። «የታካሚው ስም?»

«አናውቅም» አለች ፀሐይቱ።

«ዕድሜ?»

«ከኋላው ሲታይ ሃምሳ ስምንት ይሆነዋል።»

ሠራተኛዋ ቀና ብላ አየቻቸው፤ ኮትና ከረባት በቱታ ሱሪ፣ ነጠላ በነጭ ስኒከር፣ ሁለት ጠርሙስ አሸዋ። «ምኑ ናችሁ?»

ሦስቱ ተያዩ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ይመጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

«መንገድ ላይ እንተላለፋለን» አሉ አቶ ገብረጻድቅ በክብር።

ሠራተኛዋ የስብራት ክፍሉን በጣቷ አሳየቻቸውና እስክሪብቶዋን ከደነች።

ክፍሉ ውስጥ ስድስት አልጋ አለ፤ ስድስቱም ላይ እግሩን የተሰበረ ወንድ ተኝቷል። ፀሐይቱ ትንሽ አመነታችና የመጀመሪያው አልጋ ጋ ሄደች። «ወንድሜ፣ ካላስቸገርኩዎ አንዴ ፊትዎን ወደ ግድግዳ ያዞሩልኛል?»

ሰውዬው ሐኪም መስላው ዞረ። ማጅራቱን አየች። አይደለም። «እግዚአብሔር ይማርዎ» ብላ አለፈች።

«ምኔን አይተሽ ነው? ምን አገኘሽብኝ?» ብሎ ሰውዬው በድንጋጤ ተነሳ። ሐጀራ ብርቱካን ሰጥታ አረጋጋችው።

ሁለተኛው አልጋ ላይ ያለው ሰው ግን የሆነውን ሁሉ፣ ከሁሉ በላይ ብርቱካኑን፣ አይቷል። ፀሐይቱ ገና ሳትጠይቀው «እኔ ነኝ!» አለ።

«ማን?»

«የምትፈልጉት ሰው።»

«ወደኋላ የሚሄዱት እርስዎ ነዎት?»

«ወደኋላም እሄዳለሁ፣ ወደፊትም እሄዳለሁ።»

አቶ ገብረጻድቅ ጠጋ አሉ። «ርዝመቱ ስንት ነው እርምጃህ?»

«እንደ አስፈላጊነቱ» አለ ሰውዬው ሙዙን እያየ። ፀሐይቱ ማጅራቱን አየች፤ ማርያም አልሳመችውም። ሰውዬው ውሸቱ ሲታወቅበት አላፈረም። «አሥራ ሰባት ቀን ተኝቼ አንድ ጠያቂ አልመጣልኝም፤ ቤተሰቤ ክፍለ ሀገር ነው» አለ። ሐጀራ ሦስት ሙዝ ትራሱ ሥር አስቀመጠችለት፤ አቶ ገብረጻድቅም አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ደንበኛ የሕመምተኛ ጥየቃ ጠየቁት፤ እንዴት ወደቅህ፣ የት ወደቅህ፣ ማን አነሳህ። ሲነሱ ሰውዬው «ነገም ኑ» አላቸው።

በዚህ መካከል ሦስተኛውና አራተኛው አልጋ ላይ ያሉት፣ ሳይጠየቁ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ማጅራታቸውን አዘጋጅተው ይጠብቁ ነበር። ብርቱካን ደረሳቸው። አምስተኛው ጠቅላላ ተሸፋፍኖ ያንኮራፋል።

ስድስተኛው አልጋ መስኮቱ ሥር ነው። ጀሶ የታሰረ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ፣ ፊቱን ወደ ውጪ ያዞረ ሰው ተኝቶበታል። አናቱ ላይ ሳንቲም የምታክል መላጣ። ወጣ ያለ ግራ ጆሮ። ከፀሐይቱ አፍ የወጣው ሳታስበው የለመደችው ቃል ነበር።

«ግራ!» ብላ ጮኸች።

የሰውዬው እጅ ወደ ላይ ተነሳ። «እግዜር ይስጥልኝ» አለ።

ፀሐይቱ አልጋው አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠችና፣ እሱ ገና ሳይዞር፣ ለዚያ ለምታውቀው ማጅራት ሁሉንም ዘረገፈችለት። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ወንድሜ። ረቡዕ ውሃ መጥቶ ነው። ሰው ሰው ነው፣ ጀሪካን ጀሪካን ነው፤ ማስቀደም የነበረብኝን አላስቀደምኩም። በኔ ምክንያት ነው እግርዎ የተሰበረው።»

«ኧረ እህቴ፣ ዞር ብዬ ማየት እችል ነበር እኮ፣ እኔም ዓይን አለኝ» አለና እየተቃሰተ ዞረ።

ጠይም ነው። ጉንጩ ገባ ያለ። ቻርተሩን የሚያነብላት የሰባት ወሩ ሰውዬ።

«እርስዎ!» አለች ፀሐይቱ።

«አንቺ!» አለ ሰውዬው።

«ትተዋወቃላችሁ እንዴ?» አለች ሐጀራ።

«አንተዋወቅም!» አሉ ሁለቱም በአንድ ጊዜ።

የሚያንኮራፋው እንኳ አቆመ። ፀሐይቱ ያንን ፊት ስታይ ምላሷ ወደ ለመደው ሊሄድባት፣ «ነገ ይምጡ» ሊል ታገላት። ዋጠችው።

«ይቅርታ» አለች በመጨረሻ፣ «አንዴ ወደ መስኮቱ ይዙሩልኝ? እንዲህ ሆነው ማውራት አልቻልኩም።»

ሰውዬው አስቦበት ዞረ። ፀሐይቱ ማጅራቱን ስታይ ነፍሷ መለስ አለላት። «ለመሆኑ ስምዎ ማን ነው?»

«ቀናው።»

አቶ ገብረጻድቅ በስተኋላ ሳል የሚመስል ሳቅ አፈናቸው። «ወደኋላ የሚሄድ ቀናው» አሉ ቀስ ብለው።

«በነገራችን ላይ ጠርጥሬ ነበር» አለ ቀናው ለመስኮቱ። «ጠዋት ጠዋት ድምፅሽን ስሰማ የመዝገብ ቤቷን ሴትዮ ድምፅ ይመስለኝ ነበር። ግን ያቺ ሴትዮ፣ ጉድጓድ አለ ብላ ሰው አታድንም፤ ነገ ይግቡበት ነው የምትለው፤ ብዬ ተውኩት።»

መጀመሪያ የሳቀችው ሐጀራ ናት። ቀጥሎ ባለ ብርቱካኖቹ። ፀሐይቱ ግን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰችም ሳቀችም፤ የትኛው እንደቀደመ እሷም አላወቀችም።

ወደኋላ መሄድን ከየት እንዳመጣው ጠየቁት። ብረታ ብረት ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት የብረት መቅረጫው ቶርኖ ላይ ቆሞ ሲሠራ ጉልበቱ አለቀ። አንድ ቀን ሬዲዮ ላይ ሐኪም ቀርቦ ወደኋላ መራመድ ለጉልበት ፍቱን ነው ሲል ሰማ። «ከዚያ 'ነገር ግን' አለ» አለ ቀናው። «ነገር ግን ብሎ መብራት ጠፋ።»

ፀሐይቱ ሰኞ ቢሮ ገብታ መስኮቷን ዘጋች። በአራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እጅጌዋን ሰበሰበችና ማዳበሪያዎቹን አንድ በአንድ አራገፈች። የቀናው ፋይል ሰኞ አልተገኘም፣ ማክሰኞም። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ አቧራ ከፀጉሯ እስከ ስኒከሯ አልብሷት፣ «ጉዳያቸው ያለቀ» የተባሉት ፋይሎች ከተቆለሉበት ጥግ አወጣችው። ሽፋኑ ላይ በትልቁ «ቀናው» ተብሎ ተጽፏል። ከእሷ በፊት የነበረው ሠራተኛ፣ የሰው ስም መሆኑ አልገባውም፤ ባለጉዳዩ ቀንቶት ሄደ ብሎ አንብቦት፣ ካለቀላቸው ጋር ጥሎታል።

ፋይሉን ለኃላፊዋ አሳየች፣ አስፈረመች፣ ቅጂውን ይዛ እስከ ሆስፒታል ወሰደችለት። ቀናው ገለጥ ገለጥ አድርጎ አየውና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ማጅራቱ ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር። ፀሐይቱም ከዚያ ማጅራት ምስጋናውን በሙሉ አነበበች።

እግሩ እስኪጠግን ሁለት ወር ፈጀ። በነዚያ ሁለት ወራት ጉድጓዱን ለመድፈን ማንም አልመጣም፤ ስለዚህ ሐጀራ በየቀኑ እዚያ ስትደርስ ሁለቱንም ጠርሙስ አሸዋ ትገለብጥበት ጀመር። አቶ ገብረጻድቅ ስሌቱን ሠርተው፣ በዚህ ከቀጠለች በአሥራ አንድ ዓመት ከመንፈቅ እንደሚሞላ ነገሯት። «ኢንሻላህ» አለች ሐጀራ፣ እየሄደች። የልጇ ሠርግም በዚህ መሐል ተደገሰ፤ የሙሽራዋን እናት ለምን እንደማትወዳት ግን ተተርኮ ለማለቅ ገና ብዙ ሰኞ ይፈልጋል።

ቀናው በእግሩ በቆመ በሳምንቱ ሦስቱን እሑድ ምሳ ጠራቸው። ቤቱ አቃቂ፣ የድሮ ቤት ነው፤ መሐሉ ላይ የሎሚ ዛፍ ያለበት ግቢ አለው። ባለቤቱ አቻምየለሽ ትባላለች። ሐጀራም ከሁሉ እንድትበላ ብላ ምግቡን በሙሉ የጾም አድርጋዋለች፤ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ድንች በካሮት። ሶፋው ላይ ዳንቴል ዘርግታ፣ ሦስቱን ደርድራ አስቀመጠቻቸው። ቀናው ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ።

ዝም አሉ።

«እህ... እንዴት ናችሁ?» አለ ቀናው።

«ደህና» አሉ።

እንደገና ዝም አሉ። ያ ሁሉ የመንገድ ጨዋታ የት እንደገባ እንጃ። ሐጀራ እጇን የምታወዛውዝበት ቢጠፋት ጉልበቷ ላይ ጠፍራ ያዘችው። አቶ ገብረጻድቅ የጣሪያውን ቆርቆሮ ቦይ በሹክሹክታ ቆጠሩ። ፀሐይቱ ቀናውን ይዙሩልኝ እንዳትል የሰው ቤት ነው። አቻምየለሽ ከጓዳ ብቅ ብላ አየቻቸው፤ ስትመለስም አየቻቸው፤ ሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ትሪውን አስቀምጣ ወገቧን ያዘች።

«እናንተ ሰዎች ተጣልታችኋል?»

«ኧረ በጭራሽ» አለች ፀሐይቱ። «ተቀምጠን ስለማናውቅ ነው።»

አቻምየለሽ ባሏን አየች፣ እንግዶቿን አየች። «በሉ ተነሱ» አለች።

ወደ ግቢው ወጡና የሎሚውን ዛፍ መዞር ጀመሩ። ገና ሁለተኛውን ዙር ሳይጨርሱ አራቱም በአንድ ላይ ያወሩ ነበር። ቀናው ለጥቂት ዙር ወደፊት ሄደና አልሆነለትም፤ ወደኋላ ዞረ። ፀሐይቱ «ቀኝ! የልብስ ገመድ፣ ዝቅ ይበሉ!» አለች። አቶ ገብረጻድቅ ሰባ ሦስት ላይ ደርሰው ቁጥራቸውን ለሐጀራ በአደራ ሰጡ። ሐጀራ የሙሽራዋን እናት ነገር ከሥሩ ጀምራ አመጣችው፤ ጠቡ ለካ የተነሳው በአንድ የፕላስቲክ ወንፊት ነው፤ ያም ወንፊት ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት በውሰት ሄዶ ሲመለስ ቀለሙን ቀይሯል።

አቻምየለሽ ትሪውን ታቅፋ የበረንዳው ደረጃ ላይ ቆመች። በፊቷ ባለፉ ቁጥር ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጉርሻ ትሰጣለች። ባሏ ግን ጀርባውን ይዞ ስለሚመጣ አፉን ለማግኘት እስኪያልፍ መጠበቅ ነበረባት፤ ሲያልፍ ደግሞ እየራቀ ነው። ሁለት ጊዜ ሳተችው። በሦስተኛው ዙር ትሪውን ለፀሐይቱ አስያዘችና፣ ጉርሻዋን ወደፊት ዘርግታ፣ ቀሚሷን በሌላው እጇ ሰብስባ፣ ባሏን በግቢው ዙሪያ ተከተለችው።